ጣሊያን ያልማረከውን ውጅግራ ዝገት ማረከው!

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ አሜሪካ ነው። ደግነቱ አሜሪካ ሆነ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሜሪላንድ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል።

«ጋሼ፣ ውጅግራ ገዛሁ!» አለኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ምን ገዛሁ ነው ያልከው?»

«ውጅግራ! የዓድዋው ውጅግራ! ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ልጁ እንዳስረዳኝ ከሆነ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንት ዕቃ ይቆጠራል። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ አዘዘው፤ እንደ መጽሐፍ ደጁ ድረስ መጣለት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራው፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ፣ ሌላውም ሌላውም፣ አሜሪካ አገር በየዓይነቱ ሲቸበቸቡ መቆየታቸውን የሰማሁት ያን ሌሊት ነው። ለእኛ ልጆች ቪዛ አልሰጥም ያለች አሜሪካ ለውጅግራ ፈቀደች ማለት ነው። ጉድ ነው!

እኔ ገና ስለዚህ ሳሰላስል ልጁ ዋናውን ጥያቄ አመጣው። «ጋሼ፣ ግን ክፉኛ ዝጓል። እንዴት ነው የማስለቅቀው? አባባ ያንን የቤታችንን ውጅግራ ምን ነበር የሚቀቡት?»

መልስ አጣሁ። አፍሬ «ቆይ አጣርቼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይህች ጽሑፍ የዚያ ማጣራት ውጤት ናት። አንባቢ ታሪክ የሚነገረው መስሎት ከጀመረ በኋላ ስለ ዘይትና ስለ ጨርቅ ሲነገረው እንዳይከፋው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታሪካችን አሁን ያለው እዚያ ዘይትና ጨርቅ ላይ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጠመንጃው። «ውጅግራ» የምንለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት ነው። «ፉዚ ግራ» ይሉታል እነሱ፤ «ፉዚ» ጠመንጃ፣ «ግራ» የሠሪው መኮንን ስም። ያባቶቻችን አፍ አገላብጦ «ውጅግራ» አደረገው። «ስናድር»ም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ናፒየር መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው። ረሚንግተኑን ደግሞ አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብጾች ማርከውታል። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም ጣሊያን ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተተኮሰው እንግዲህ ከአራቱም ማዕዘን የተሰበሰበ ብረት ነው።

እነዚህ ጠመንጃዎች ሁሉ ሲሠሩ የታሰበላቸው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ በጦር ጠመንጃ የገባው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ካወጡ በኋላ ነው። ይህ ልዩነት ለባለሙያ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የእነዚህ መሣሪያዎች ዕጣ ፈንታ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥቁር ባሩድ ከመቶ ሰባ አምስት እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ አሥራ አምስት እጅ ከሰል፣ አሥር እጅ ድኝ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ ያ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ ከአፈሙዙ የውስጥ ግድግዳ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ጥላሸት እንደ ምጣድ ጥላሸት አይደለም፤ ጨው ነው። ጨው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ክረምት ላይ የጨው ዕቃ ከፍቶ ያየ ባልትና ያላት ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ የተተኮሰበት ውጅግራ ሳይታጠብ ከተቀመጠ በሆዱ ውስጥ ሌሊትና ቀን ውኃ የሚስብ ጨው ይዞ ተቀመጠ ማለት ነው። በእርጥብ አገር በአንድ ሌሊት መዛግ ይጀምራል። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ጥይት እሳት የሚያስነሳው ቅመም የሚተወው ጨው አለ፤ የወጥ ቤት ጨው ዘመድ ነው።

እና ጨውን የሚያወጣው ምንድን ነው? ውኃ! ዘይት አይደለም። ጨው በዘይት አይሟሟም። እኛ ግን ብረት ውኃ ሲነካው ይዝጋል ብለን ስለምናምን ጠመንጃ ውኃ ማስነካት ወንጀል ይመስለናል። ባልታጠበ አፈሙዝ ላይ ዘይት ማፍሰስ ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ እንደ መጠቅለል ነው፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ይበሰብሳል።

ወደ ቤታችን ውጅግራ ልመለስ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው ልበልና የቀረውን ልለፈው። ያለችበትን ቀበሌም ሆነ የአክስቴን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ አንባቢ ወደ ታች ይደርስበታል። አክስቴ ሰማንያ አልፏታል። ጠመንጃው የቅድመ አያቴ ነው፤ ዓድዋ ዘምቷል ይባላል። ከእሱ ለአያቴ ተላለፈ።

«እትዬ፣ አባባ ጠመንጃውን ምን ነበር የሚቀቡት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«መቀባቱ ኋላ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ እኔ ውኃ አፈላለሁ። እሱ ቃታውን አውልቆ ያስቀምጣል። ከዚያ በጀበና ነው በአፈሙዙ የሚያንቆረቁረው፤ ጥቁር ውኃ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል… ጥርት ብሎ እስኪወርድ። ከዚያ ምድጃ አጠገብ ያሞቀዋል። ማንም እንዲነካበት አይወድም ነበር። ቡና የተፈላበትን ጀበና ለብረት አደረገው እያለች እማማ ትቆጣለች።»

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ፊደል ያልቆጠረው አያቴ የፈረንሳይ ጦር መኮንን የሚያዘውን በትክክል ያደርግ ነበር! የፈላ ውኃ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጨውን አሟሙቶ ያወጣል፣ ብረቱንም ስለሚያግለው የቀረውን እርጥበት ብረቱ ራሱ ያደርቀዋል። አያቴ ይህን ከአባቱ ተማረ፤ አባቱ ከማን እንደተማረ እንጃ።

ታዲያ ጠመንጃው ለምን ዛገ?

አያቴ በ1964 ዓ.ም. ሞተ። የአርበኛ ቀብር ነው፤ እንደ ወጉ ተተኮሰለት። ውጅግራውም በአገር ባሩድ በተሞሉ ቀለሆች ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ እዝን በልቶ፣ ተበተነ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ዝቅ አለ። «የሚያጥበው እኮ እሱ ነበር» አለች። «እሱ ሞቷል።»

የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥይቶች ጨው እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የብዙ ቤት ታሪክ ስለሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጣ፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። አጎቴ ውጅግራውን ቅቤ ቀብቶ፣ አፈሙዙን በጨርቅ ወትፎ፣ በቆዳ ጠቅልሎ በረት ውስጥ ቀበረው። አስቡት እስቲ! ቅቤ ሲቆይ ይበግናል፤ የበገነ ቅቤ አሲድ ያፈራል፤ አሲድ ብረት ይበላል። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ነገር ሁሉ፣ ጨውም ማልፊያውም፣ ውስጡ አለ፤ እርጥበትም እንደ ሰፍነግ ይይዛል። የተወተፈው ጨርቅ ደግሞ እርጥበቱ እንዳይወጣ በሩን ዘጋበት። በላዩ ላይ የበረት አፈር! አጎቴ ጠላት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የከፋ ሊያደርግ አይችልም ነበር። ግን ጠላት አልነበረም፤ የአባቱን አደራ ሊያድን ነበር። ሕይወቱን አስይዞ ነው የቀበረው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወጣ። አየር አየ፤ ደስ አለን። ወዲያው ደግሞ ሌላ ትጥቅ ማስፈታት መጣና ተመልሶ ወደ ጣራ ሣር ውስጥ ገባ። ከዚያ ወረደ። ከዚያ አልጋ ሥር ገባ። አሁን አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት፤ ፌስታል ተጠቅልሎ። ፌስታል ላብ ያልባል፤ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ውኃ ያቋጥራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝን ልንገራችሁ። በቅርቡ የአንዱ ዘመድ ልጅ ለዓድዋ በዓል ፎቶ ሊነሳበት ፈልጎ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎታል። እንደ አዲስ ማንኪያ አብለጭልጮታል! ከቃታው በላይ ፈረንሳዮቹ የቀረጹት ጽሕፈት ነበረ፤ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስምና የ1874 ሞዴል መሆኑን የሚናገረው። ይህ ጽሕፈት የጠመንጃው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አሁን የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ብቻ ቀርተዋል። ልጁን ልቆጣው ስል «ጋሼ፣ ለአገር ፍቅር ነው» አለኝ። ምን ይባላል? ያገር ፍቅር በብርጭቆ ወረቀት!

የብረቱ ቡናማ ቆዳ፣ ያ ለዘመናት የጠቆረው፣ ቆሻሻ አይደለም። ካልተላጠ ለብረቱ እንደ ቆዳ ሆኖ ያገለግላል። የሚያሰጋው ቀዩ፣ ጣት ላይ የሚቀረው፣ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ዝገት ነው። እሱን ቀጭን ዘይት ቀብቶ፣ አንድ ሁለት ቀን አቆይቶ፣ በሻካራ ጨርቅ ወይም በነሐስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ካልለቀቀ ይቅር። ዝገቱን ሁሉ ካላጠፋሁ የሚል ሰው ጠመንጃውንም ያጠፋዋል።

እንግዲህ ለሜሪላንዱም ልጅ፣ እቤቱ ሣጥን ውስጥ የአባቱን ስናድር ለያዘውም አንባቢ፣ የተረዳሁትን ላካፍል።

ከሁሉ በፊት ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ይታይ። በጥድፊያ የተደበቀ መሣሪያ ስንት ጊዜ ጥይት እንደጎረሰ ቀርቷል! ቃታው ዝጎ አልከፈት ካለ በመዶሻ እንዳትነኩት፤ ለሚያውቅ ሰው ይታይ። ለመተኮስማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ውስጡ የተበላ አፈሙዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ማጠቢያው ውኃ ነው፤ የፈላ። የቧንቧውን የማያምን ጋራዥ ሄዶ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ይግዛ (አሲዱን አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ አይጠፋም!)። እንጨቱ ውኃ እንዳይነካው፣ ቢቻል ብረቱ ከሰደፉ ተለይቶ ይታጠብ፤ ብሎኑ እምቢ ካለ ግን ጥርሱን ከመጨረስ እንደተገጠመ በጥንቃቄ ማጠብ ይሻላል። ጨርቅ በዘንግ እያስገቡ ነጭ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ መወልወል። ከዚያ ማድረቅ፣ ማድረቅ፣ አሁንም ማድረቅ። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል፣ የቃታው ውስጥ፣ የምላጩ ሥር ሁሉ። ከደረቀ በኋላ ነው ዘይት የሚመጣው። የስፌት ማሽን ዘይት ጥሩ ነው፤ በየሱቁ አለ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ቀጭን ዘይት እየከዳ ስለሚሄድ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን ብረት የሚበላ አሲድ አለውና ወዲያ! የፈረንጅ ሙዚየሞች ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ስስ ሰም ይቀባሉ፤ ሰሙን ያዘጋጁት የብሪትሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ናቸው፤ ከመቅደላ በተዘረፈው ዕቃችን ላይም ሳይቀቡት አይቀሩም። ሰርቀውም ቢሆን ይጠነቀቃሉ።

አንድ ሳምንት ቆይቶ ነጭ ጨርቅ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ጨው ቀርቷልና ከጀበናው ጀምሮ እንደ አዲስ። ብዙ ሰው ይህችን ይዘልላታል። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጥቅምት ላይ።

አቀማመጡስ? ከጭቃው ግድግዳ ፈቀቅ ብሎ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ተዘቅዝቆ። ለምን ቢሉ ዘይቱ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው ነው። በባዶ እጅ የነካ ሰው ላቡን ትቶበት ይሄዳልና ጠርጎ ያስቀምጥ። ሣጥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን «አትብሉኝ» የምትል ትንሽ ከረጢት ሰብስቦ መጨመር ነው፤ እርጥበት ትጠጣለች። ጠጥታ ስትጠግብ አትሠራምና በየጊዜው ትለወጥ። የአየሩ እርጥበት ከመቶ ሃምሳ በታች ከሆነ ብረት እፎይ ይላል፤ የእኛ ደጋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስንት እንደሚሆን ብርድ ልብሱን የዳሰሰ ያውቀዋል።

ይኸው ነው። ውኃ፣ ጨርቅ፣ የስፌት ማሽን ዘይት፣ ቫዝሊን። ለእነዚህ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም፤ ጨረታ አይወጣም፤ የፈረንጅ አማካሪ አይቀጠርም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ፍርሃት ነው! ዝገቱን የሚያመጣው እርጥበት ነው፤ እርጥበት ውስጥ የሚከተው መደበቅ ነው፤ የሚያስደብቀው ደግሞ ፍርሃት ነው። አክስቴ ይህን ጠመንጃ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ፣ በየጥቅምቱ አውርዳ መወልወል ብትችል ኖሮ ዛሬ እንደ ወርቅ በተቀመጠ ነበር። ሕግ ግን ሁለት ነው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ ይጠብቀው፣ ይንከባከበው ይላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሁለቱም ለየብቻ ሲነበቡ ክፋት የለባቸውም። አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ግን ውጅግራዋን ተሸክማ የትኛው ቢሮ ትሂድ? ቅርስ ነው ብላ ባህል ቢሮ ልትሄድ መንገድ ላይ የጦር መሣሪያ ነው ተብላ ብትያዝስ? መንገዱን እስክትጨርስ ጠመንጃው ቅርስ ነው ወይስ ወንጀል? እንዲህ ያለውን የሚነግራት ስላጣች አልጋ ሥር ከተተችው። እኔም ስሟን ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

«አገሪቱ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ጠመንጃ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በየሜዳው የሰው ልጅ እየረገፈ ስለ ብረት ማዘን ነውር መስሎ የታየኝ ጊዜ አለ። ግን እስቲ በሰከነ ልብ እንነጋገር፤ ዛሬ በውጅግራ የሚዋጋ ማነው? አንድ ጥይት ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ በጭስ ተሸፍኖ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ እንደገና የሚያጎርስ! ክላሽንኮቭና ድሮን ባለበት ዘመን! መንግሥት ከፈራም መርፌውን አውጥቶ በደረሰኝ ይያዘው፤ ያለ መርፌ ውጅግራ ከምርኩዝ አይሻልም። አፈሙዙን መቁረጥ ወይም በብየዳ መድፈን ግን አይሁን፤ እሱ ማዳን አይደለም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለጥቁር ባሩድ ዘመን መሣሪያዎች የተለየ ምዝገባ ይኑር። «ያላችሁ አምጡ፤ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መርፌው ይወጣል፣ ተመልሶ በእጃችሁ ይሰጣል» ይባል። ያመጣ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይነገር። የሚመዘግበው ሰውም አብሮ አጠባጠቡን ያሳይ። ሰው የሚያምነው ግን የመጀመሪያው ያመጣ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየ ዕለት ነው፤ ካላየ ማንም አያመጣም። ከዚህ በፊት «አስመዝግቡ» ተብሎ የተመዘገበው ምን እንደሆነ ሕዝቡ አልረሳም።

በመንግሥት እጅ ያለውስ? በየዘመኑ ከሕዝብ ተሰብስቦ መጋዘን የገባው መሣሪያ ምን ላይ ነው? ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ገብቼ በዓይኔ ያየሁት ውጅግራ ከነዝገቱ በቫርኒሽ ተለቅልቋል። ብረቱም፣ እንጨቱም፣ ብሎኑም አንድ ላይ! ከሥሩ ዝገቱ እየነፋ ቫርኒሹን እንደ ዳቦ ቅርፊት አንስቶታል። አስጎብኚውን ብጠይቀው «ለበዓል እንዲያምር ነው» አለኝ። የእኛ ቤት ልጅና ይህ ሙዚየም ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ያማረውን አላማረም ለማለት ብዕሬ አይታዘዘኝም። ነገር ግን የዓድዋን ስም የያዘ ያን ያህል ሕንፃ ማቆም የቻለ አገር፣ ዓድዋ ላይ የተተኮሱትን ጠመንጃዎች የሚያጥብ አንድ ክፍል፣ ሦስት ባለሙያና አሥር ጀበና ይቸግረዋል? ከየቤቱ የሚመጣውን ተቀብሎ፣ አጥቦ፣ ሰም ቀብቶ፣ ለባለቤቱ የሚመልስ ክፍል? ስንቱ ቤተሰብ የአባቱን ነፍጥ ታቅፎ ሊሰለፍ እንደሚችል አስቡት።

ወደ ውጭ ስለወጡትም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልስ ያለው ካለ ይህ ጋዜጣ ቦታ ይሰጠዋል። ስንት ጠመንጃ ወጣ? ማን ፈረመ? ከመውጣታቸው በፊት ከውስጣቸው የትኞቹ ታሪክ እንዳላቸው ያየ ባለሙያ ነበር ወይ? የተሸጡበት ገንዘብ የት ገባ? በይፋ ሲነገር አልሰማሁም። በሌላ በኩል ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ የአጎቴ ልጅ የላከልኝን ፎቶ ሳይ ተቀየምኩም ደስም አለኝ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ስልክ ላይ ቆሞ የፈላ ውኃውን፣ ጨርቁን፣ ሰሙን አንድ በአንድ አስተምሮታል። ጠመንጃው ድኗል። ሴንት ኤትየን የሚለው ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የእኛው ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ብቻ።

ከአክስቴ ቤት ከመመለሴ በፊት ደጁን ዘግተን ውኃ አፈላን። ቃታው በዘይት ሁለት ሌሊት ከቆየ በኋላ ነው እያቃሰተ የተከፈተው። ጥይት አልጎረሰም ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጀበናውን እሷ ያዘች፤ ለእኔ አልሰጥም አለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ በአፈሙዙ አንቆረቆረችው። መጀመሪያ ቀይ ውኃ ወረደ፣ እንደ ደም። ከዚያ ጥቁር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የአባቷ ቀብር ባሩድ ነው። አራት ጀበና ፈጀ። በአምስተኛው ጥርት ብሎ ሲወርድ አክስቴ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ድሮ ጠመንጃው ይሰቀልበት የነበረው ችካል አሁንም አለ፤ ነጠላዋን ነው የሰቀለችበት።

አደረቅነው። ዘይት ቀባነው። ቫዝሊኑን እሷ በጣቷ አዳረሰችው። ሲያልቅ ጭኗ ላይ አጋድማ ትንሽ ዝም አለችና ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ አሁንስ የት ልደብቀው?»